ሐኪሙ ጎረቤታችን ለምን መንገድ ይጠርጉ ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሩሲያና ከሌሎች የቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት አገሮች ወደ እስራኤል ስለ መጡ ሰዎች ኑሮ ጥያቄ ያላችሁ አንባቢያን እንድትጽፉልን ባለፈው እትም ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በግንቦት 1991 ከቤተሰቤ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በኋላ በኖርንበት የካራቫን (ተንቀሳቃሽ ጊዜያዊ ቤት) ሰፈር ጎረቤታችን የነበሩት ሰው ከሌኒንግራድ የመጡ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆኑ፣ ማለዳ ማለዳ ግን መንገድ ሲጠርጉ አያቸው ነበር። ክራባት ያስራሉ፤ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ወፍራም የእጅ ጓንታቸውን አያወልቁም። አባቴ ደግሞ «ለእነሱ ገንዘቡን በእጃቸው ሰጧቸው፣ እኛን ግን አሰልፈው አበሉን» እያለ ሲያጉረመርም ነው ያደግሁት። እንዲህ የተማረና የተሻለ የተደረገለት ሰው እንዴት መንገድ ጠራጊ ሆነ? በኋላስ እንዴት ወጡበት?
ት. መ.፣ ከአሽዶድ

መልስ፦ ጥያቄዎ የተንጠለጠለው በአባትዎ ቅሬታ ላይ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። አባትዎ አልተሳሳቱም። ከሶቭየት ኅብረት ለመጡት ሰዎች ከ1990 ገደማ ጀምሮ «ሳል ክሊታ» የሚባለው የመቋቋሚያ ገንዘብ በቀጥታ በእጃቸው ይሰጥ ነበር፤ ከተማቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ቤታቸውን ራሳቸው ይከራያሉ። ከኢትዮጵያ የመጡት ግን በአብዛኛው በሆቴሎች፣ በመርከዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል) እና በካራቫን ሰፈሮች ሌላ ሰው እየወሰነላቸው እንዲቆዩ ተደረገ። ለራሱ መወሰን አይችልም ተብሎ የተገመተው የትኛው ወገን እንደ ነበረ ማንም አያጣውም፤ ቁስሉም እስከ ዛሬ አልደረቀም። ይሁን እንጂ ያ ገንዘብ ለወራት እንጂ ለዓመታት የሚበቃ አልነበረም፤ ካለቀ በኋላ ሰውየው ከነዲፕሎማው ብቻውን ቀረ።

ብቻውን ስል ግን ከእጅግ ብዙ ሰው ጋር ብቻውን ማለቴ ነው። በጥቅምት 1989 አሜሪካ ከሶቭየት ኅብረት ለሚወጡ አይሁድ የምትሰጠውን የስደተኝነት ዕድል ስታጠብ፣ ቀደም ሲል ቪየና ሲደርስ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ኒው ዮርክ ያመራ የነበረው ሕዝብ ወደ እስራኤል ዞረ። በ1990 ብቻ 185 ሺህ ያህል፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 150 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሶቭየት ኅብረት ገባ፤ ዐሥርቱ ዓመታት ሲያልቁ ቁጥሩ ከ800 ሺህ በልጦ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው የመጣው አራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ወደነበራት አገር ነው። የቤት ኪራይ ናረ፤ በጊዜው የቤቶች ሚኒስትር የነበሩት አሪኤል ሻሮን በየሜዳው ካስተከሏቸው ካራቫኖች አንዱ ለእርስዎ ቤተሰብ፣ አንዱ ለሐኪሙ የደረሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሚመጡት መካከል ሐኪሞቹ ብቻ ዐሥር ሺህን ያልፉ ነበር፤ እስራኤል ደግሞ ቀድሞውንም የሐኪም እጥረት ያለባት አገር አልነበረችም። አብዛኞቹ የጤና ሚኒስቴርን የፈቃድ ፈተና ማለፍ ግዴታቸው ሆነ። ረጅም ዘመን ያገለገሉት ከፈተናው ነፃ ሆነው በሆስፒታል ለወራት በክትትል ሥር እንዲሠሩ ቢፈቀድላቸውም፣ የሐኪምነት ፈቃድና የስፔሻሊስትነት ዕውቅና የተለያዩ ነገሮች ነበሩና ሃያ ዓመት ሆድ ሲከፍት የኖረ ሰው ፈቃዱን ካገኘ በኋላም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ላይገባ ይችል ነበር። የመሐንዲሶቹ ነገር ይብስ ነበር፤ የከሰል ማዕድን መሐንዲስ የከሰል ማዕድን በሌለበት አገር ምን ይሠራል? በዚያ ዘመን በቴል አቪቭ ይነገር የነበረ ቀልድ ነበረ፦ ከአውሮፕላኑ የሚወርድ ሩሲያዊ የቫዮሊን ሳጥን ካልያዘ ፒያኖ ተጫዋች ነው ይባላል። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን ቫዮሊኑን የያዘው ሰው ገበያ መሀል እየተጫወተ ሳንቲም ይለምን እንደ ነበር እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ሰዉ ያገኘውን ሠራ። ወንዱ ዘበኛ ሆነ፣ ሴቷ የሕንፃ ደረጃ አጠበች ወይም አረጋዊ ተንከባከበች። በሶቭየት ኅብረት ከሐኪሞች አብዛኞቹ ሴቶች ስለ ነበሩ፣ ያን ደረጃ ሲያጥቡ ከነበሩት እናቶች ውስጥ ስንቷ የሕፃናት ሐኪም እንደ ነበረች ማሰብ ይቻላል። ኑሮውን የያዘው ግን የቤተሰቡ አደረጃጀት ይመስለኛል። ሦስት ትውልድ በአንድ ጠባብ ቤት ይኖራል፤ አያት ልጆቹን ትይዛለች፣ ምግብ ታበስላለች፤ አባትና እናት አንዱ ቀን ሌላው ሌሊት እየሠሩ በመሀል ለፈተና ያጠናሉ፤ የቤት መግዣ ብድርም የሽማግሌዎቹ መብት ከወጣቶቹ ጋር ተደምሮ ይወሰዳል። ከ1991 ጀምሮ መንግሥት የፈጠራ ሥራን ወደ ድርጅት የሚያሳድጉ ማዕከላት ሲያቋቁም አንዱ ዓላማው እነዚህን የሳይንስ ሰዎች ማሠራት ነበር፤ የተጠቀሙበትም አሉ።

ሁሉም ወጡበት ብል ግን ውሸት ይሆናል። ከአርባ ዓመት በታች የነበሩት በአብዛኛው በአምስትና በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሙያቸው ወይም ወደሚቀርበው ሥራ ተመለሱ፤ ከሃምሳ በላይ የነበሩት ግን ብዙዎቹ መጥረጊያውን እንደ ያዙ ጡረታ ወጡ። ሥራ የጀመሩት ዘግይተው ስለ ነበር ጡረታቸውም በአብዛኛው ቢቱዋህ ሌኡሚ ከሚባለው የብሔራዊ መድን መሥሪያ ቤት የሚሰጥ አበል ብቻ ሆነ። የእርስዎ ጎረቤት ከየትኞቹ ወገን እንደ ሆኑ አልነገሩኝም። ጓንታቸውን ግን እንደዚህ አነበብሁት፦ ቀዶ ሐኪም በጣቶቹ ነው የሚያየው፤ በሐምሌ ሙቀት ጓንቱን የማያወልቅ ጠራጊ እጁን ለሌላ ሥራ እየጠበቀ ነበር።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ወደ ቴል አቪቭ ሄጄ ስቆይ ያስደነቀኝ ነገር አለ። ከመጡ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አሁንም ሩሲያኛ ይናገራሉ፤ በሩሲያኛ ያነባሉ፤ የሱቁ ማስታወቂያ ሳይቀር በሩሲያኛ ነው። ይህ አዲሱን አገር አልቀበልም ማለት አይደለምን?
ሀ. ወ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ «ሩሲያዊ» የሚለው ስም ራሱ የወጣላቸው በእስራኤል መሆኑን ያስታውሱ። ብዙዎቹ ከዩክሬን፣ ከሞልዶቫ፣ ከቤላሩስ፣ ከኡዝቤኪስታን የመጡ ናቸው። በሶቭየት የመታወቂያ ደብተር ላይ ብሔር የሚጻፍበት ቦታ ነበረ፤ ሕዝቡ «አምስተኛው መስመር» ይለዋል፤ በዚያ ቦታ «አይሁዳዊ» ተብሎ መጻፉ ዩኒቨርሲቲም ሥራም ሊያስከለክል ይችል ነበር። እዚያ በአይሁዳዊነቱ የተገፋ ሰው እዚህ ሲደርስ «ሩሲያዊው መጣ» ተባለ።

ወደ ቋንቋው ስንመጣ፣ በ1991 ኡልፓን በሚባለው የዕብራይስጥ ማስተማሪያ ውስጥ አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩትን የፊዚክስ መምህር አልረሳቸውም። መምህርቷ «ሮሽ፣ ዓይን፣ ሌቭ፣ ባይት፣ ሼም» እያለች በሰሌዳው ላይ ስትጽፍ እኛ ራስ፣ ዐይን፣ ልብ፣ ቤት፣ ስም እያልን ሳንጠየቅ እንመልስ ነበር፤ እርሳቸው ግን እያንዳንዱን ቃል ከባዶ መሸከም ነበረባቸው። በደብተራቸው ኅዳግ የዕብራይስጡን ድምፅ በሩሲያ ፊደል እየጻፉ ከቀኝ የሚሄደውን መስመር ከግራ በሚመጣ መስመር ያጅቡት ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን በለጡን፦ ዕብራይስጥም ሩሲያኛም «ነው» የሚለውን ቃል ለአሁን ጊዜ አይጠቀሙበትም፤ እኛ ለዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ፍለጋ ስንቸገር እርሳቸው «እኔ መምህር» ብለው ይጨርሱ ነበር። ኡልፓኑ አምስት ወር ነው። በአምስት ወር ከዳቦ ሻጭ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ፊዚክስ ማስተማር ግን አይቻልም።

ስለዚህ ሰዎቹ በሚችሉት ቋንቋ ቤት ሠሩ። በ1991 ከሞስኮ የመጣው አዘጋጅ የቭጌኒ አርዬ በቴል አቪቭ «ጌሼር» የተባለውን ቴአትር መሠረተ፤ ትርጉሙ ድልድይ ነው። በሩሲያኛ ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተዋናዮቹ ገና በደንብ በማይሰሙት ዕብራይስጥ ቃለ ተውኔታቸውን በቃል እያጠኑ መድረክ ላይ ወጡ፤ ዛሬ ቴአትሩ የአገሪቱ ተመልካች ሁሉ የሚገባበት ነው። «ቬስቲ» ጋዜጣ በ1992 ታተመ። ለአዲስ ገቢዎች የተከፈተው «ሬካ» ሬዲዮ ለሩሲያኛ ተናጋሪዎች ብቻ ሳይሆን በአማርኛም ያሰራጭ ስለ ነበር፣ አያቶቻችንና አያቶቻቸው በአንድ ጣቢያ ተራ ይጠባበቁ ነበር ማለት ነው። ከሥራ ውጭ የሆኑ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራንም ማታ ማታ ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ያ የማታ ትምህርት «ሞፌት» በሚል ስም ወደ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ገብቶ የአገሬው ተወላጅም ልጁን ለማስገባት የሚሻማበት ሆነ።

እንደ እኔ አስተያየት ይህ እምቢታ አልነበረም። ፍልሰተኛ ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚያጣው ማዕረጉን ነው፤ ቀን ደረጃ ስታጥብ የዋለች ሴት ማታ በሩሲያኛ ቴአትር ወንበር ላይ ስትቀመጥ ለሁለት ሰዓት ወደ ቀድሞ ማንነቷ ትመለሳለች፤ በማግስቱም ወደ ኡልፓን የምትሄደው በዚያ ጉልበት ነው። ፖለቲካውም ይህን ያሳያል። በ1986 በርሊን አጠገብ በሚገኘው የግሊኒከ ድልድይ ላይ በእስረኛ ልውውጥ ከሶቭየት እስር የተፈታው ናታን ሻራንስኪ የመራው «እስራኤል በአሊያ» የተባለ የፍልሰተኞች ፓርቲ በ1996 ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድሮ ከ120 የክኔሴት (የፓርላማ) መቀመጫዎች 7ቱን አገኘ። በ2003 ግን ሁለት ብቻ ቀርተውት ወደ ሊኩድ ፓርቲ ተቀላቀለ። መራጩ ጠፍቶ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም እስራኤላዊ ከቀኝና ከግራ ፓርቲዎች መምረጥ ጀምሮ ነው። በ1999 በአቪግዶር ሊበርማን የተመሠረተው ፓርቲ እስከ ዛሬ የእነዚህን ሰዎች ድምፅ ቢያገኝም፣ የሚከራከረው ከእንግዲህ ስለ ኡልፓንና ስለ ካራቫን አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሩሲያ የመጣ ቤተሰብ ልጅ የሆነች ጓደኛውን ሊያገባ ነው። በጦር ሠራዊት አብረው አገልግለዋል። ረቢናቱ (የአይሁድ ሃይማኖት መሪዎች ቢሮ) ግን አላጋባም አለ፤ አባቷ አይሁዳዊ፣ እናቷ ግን አይደለችም ይላሉ። አይሁዳዊት ካልሆነች በምን መብት ወደ አገሩ ገባች? አሁንስ ምን ይደረጋል?
የተጨነቀች እናት፣ ከነታንያ

መልስ፦ ሁለት ሕጎች እየተጋጩ ነው። ወደ አገር የሚያስገባው በ1950 የወጣውና በ1970 የተሻሻለው የመመለስ ሕግ ሲሆን፣ ማሻሻያው የአይሁዳዊ ልጅን፣ የልጅ ልጅን፣ የእነዚህንም ባሎችና ሚስቶች ይጨምራል። ጋብቻን የሚያስፈጽመው ረቢናት ግን የሚመለከተው እናትን ነው። በእስራኤል ውስጥ ለአይሁድ የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ የለም። ከመጡት መካከል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሕዝብ መዝገቡ ላይ «ሃይማኖት የሌላቸው» ተብለው የሚገኙት በዚህ ክፍተት ነው፤ ግብር ይከፍላሉ፣ ይዘምታሉ፣ መሞሸር ላይ ሲደርሱ ግን በሩ ይዘጋል። ይህን ነገር የእኛ ሰው ሊረዳው የሚገባ ይመስለኛል፤ በ1985 ቤተ እስራኤላውያን አይሁዳዊነታቸው እንዲረጋገጥ «እንደገና ተጠመቁ» መባላቸውን ተቃውመው በኢየሩሳሌም ከረቢናቱ ደጃፍ ለሳምንታት ተቀምጠው ነበርና።

መንገዱ ሦስት ነው። ብዙዎች ለአንድ ቀን ወደ ቆጵሮስ በረው በማዘጋጃ ቤት ይጋባሉ፤ በውጭ የተፈጸመ ጋብቻን የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ይመዘግባል። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአሜሪካ የዩታ ግዛት ባለሥልጣን በኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያስፈጽመው ጋብቻም እንዲመዘገብ ወስኗል። ሦስተኛው መንገድ ልጅቷ ራሷ ፈቅዳ ወደ አይሁድ እምነት መግባቷ ሲሆን፣ ወታደር ሳሉ «ናቲቭ» በሚባለው ኮርስ ይህን የሚጀምሩ አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፈን ልንገርዎ፦ በቆጵሮስ ወይም በቪዲዮ ቢጋቡ ባልና ሚስትነታቸው ይጸናል፤ የልጅ ልጆችዎ ግን በረቢናቱ ዘንድ የሚቆጠሩት በእናታቸው ነው። ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ አሁን ብትነጋገሩበት ይሻላል፤ እርስዎም «ለምን ገባች» የሚለውን ቃል በልጅቷ ፊት እንዳያነሡት እለምንዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቻችን በታኅሣሥ መጨረሻ ጥድ አቁመው ያስጌጣሉ፤ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌም አለ። አይሁድ ከሆኑ ገናን እንዴት ያከብራሉ?
የትምህርት ቤት ተማሪ፣ ከረሖቮት

መልስ፦ ገና አይደለም። «ኖቪ ጎድ» ይባላል፣ አዲስ ዓመት ማለት ነው፤ ሽማግሌውም «ዴድ ሞሮዝ»፣ ማለትም ውርጭ አያት ነው። የሶቭየት መንግሥት የገናን ጥድ ከሃይማኖት ጋር አጥፍቶት ነበር፤ በ1935 ታኅሣሥ ላይ ግን ሃይማኖታዊ ትርጉሙን ገፎ የአዲስ ዓመት ጥድ አድርጎ መለሰው። በሶቭየት ኅብረት ውስጥ ላደገ አይሁዳዊ ይህ ያለ ሥጋት ከጎረቤቱ ጋር እኩል የሚያከብረው የቤተሰብ በዓል ነበር። በእስራኤል መጀመሪያ ላይ መጋረጃ ዘግተው ያከብሩት ነበር፤ አሁን ልጆቻቸው የአገሬውን ጓደኞቻቸውን ይጋብዛሉ። ከጠሩህ ሂድ፤ ድንችና በጨው የቆየ ኪያር በማዮኔዝ የተለወሰበት «ኦሊቪዬ» የሚባል ሰላጣ ሳያበሉህ አይለቁህም።

ጥያቄ፦ በ2022 መጨረሻ ከሞስኮ የመጣች ሴት ከ74 ዓመት እናቷ ጋር ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች። ልጅቷ በኮምፒዩተር ከቤቷ ስለምትሠራ ደኅና ናት። እናትየዋ ግን ከቤት መውጣት ትተዋል። ባለፈው ወር ክሊኒክ አብሬያቸው ሄጄ ነበር፤ ነርሷ በስማቸው «ጋሊና!» ብላ ጮክ ብላ ስትጠራቸው ፊታቸው ተለዋወጠና ሳይታከሙ ወጡ። ምን አስቀየማቸው? እኔስ ምን ላድርግ?
ሰ. ታ.፣ ከሐይፋ

መልስ፦ እነዚህ ሰዎች ከ1990ዎቹ ሰዎች የሚለዩበት ነገር አለ። ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ፣ በተለይም በመስከረም ወር ክተት ከታወጀ ወዲህ፣ ወደ ጆርጂያ፣ ወደ አርሜኒያ፣ ወደ ሰርቢያና ወደ ካዛኪስታን ብዙ ሰው ወጣ፤ ወደ እስራኤልም በዚያ ዓመት ከ35 ሺህ በላይ ሰው ከሩሲያ ገባ። የቀድሞዎቹ ቤታቸውን ዘግተው፣ በሶቭየት ዘመን የወጡትም ዜግነታቸውን ተነጥቀው ነበርና መመለሻ አልነበራቸውም። የአሁኖቹ ቤታቸው እዚያው ቆሟል፤ ስለዚህ አንድ እግራቸው በሻንጣ ውስጥ ነው፤ የተመለሱም ብዙ ናቸው። ቪዛና ማስተርካርድ በመጋቢት 2022 ከሩሲያ ስለ ወጡ እዚያ ያጠራቀሙትን ገንዘብ በካርዳቸው መጠቀም አልቻሉም፤ ምናልባት እናትየዋ ጡረታቸውንም የሚያገኙት በዘመድ እጅ ይሆናል።

የክሊኒኩ ነገር ግን ከገንዘብ ጋር አይገናኝም። በሩሲያ አንዲትን አረጋዊት እንግዳ ሰው በስማቸው ብቻ አይጠራቸውም፤ ከስማቸው ቀጥሎ ከአባታቸው ስም የተበጀ መጠሪያ ይጨመራል፤ አነጋገሩም በ«እርስዎ» ነው። በዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚባል የለም፤ ፕሮፌሰሩም ሕፃኑም «አታ» (አንተ) ናቸው። እስራኤላዊቷ ነርስ «ጋሊና» ስትል ማቅረቧ ነው፤ ሴትየዋ የሰሙት ግን አንድ ጎረምሳ በአደባባይ «አንቺ» ሲላቸው እርስዎ የሚሰሙትን ያህል ነው። ከአማርኛ ተናጋሪ በላይ ይህን የሚረዳ ጎረቤት ሊያገኙ አይችሉም፤ የእኛም ሁለተኛ ስም የአባታችን ስም ነውና።

ወደ ክሊኒክ እንደገና ከመውሰድዎ በፊት ከልጅቷ የአያቷን ስም ይጠይቁ። አያትየው ቦሪስ ከነበሩ እናትየዋ ጋሊና ቦሪሶቭና ይባላሉ፤ ሚኻኤል ከነበሩ ጋሊና ሚኻይሎቭና። ስሙን በዕብራይስጥ ፊደል በወረቀት ጽፈው ለነርሷ ይስጧት። ከዚያ በፊት ግን በሚቀጥለው ጊዜ በደረጃው ላይ ሲያገኟቸው እርስዎ ራስዎ ቀስ ብለው ይሞክሩት፤ ቦሪሶቭና ከሆኑ አጥብቀው የሚናገሩት «ሪ» ላይ ነው።